ግራጫን ማተም፦ ለጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የኢንክጄት ቀለም፣ ወረቀትና ማተሚያ አመራረጥ

አሕጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በኢንክጄት ማተሚያ ሲታተም የቀለም፣ የወረቀትና የማተሚያ ምርጫ በምን መሠረት ላይ ሊቆም እንደሚገባ ይመረምራል። የምርጫው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ «የትኛው ማተሚያ ይሻላል?» በሚል ጥያቄ ይጀመራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ግን ምርጫው ከኅትመቱ ዓላማ ተነሥቶ ወደ ቀለሙ፣ ከቀለሙ ወደ ወረቀቱ፣ በመጨረሻም ወደ ማተሚያው መሄድ አለበት የሚል ነው። ለዚህም ሦስት ነጥቦች ይተነተናሉ፤ እነርሱም ግራጫ በኢንክጄት የሚሠራባቸው መንገዶች፣ በሟሚ ቀለምና በፒግመንት መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት፣ እንዲሁም ወረቀት የጥቁረትን ጥልቀት የሚወስንበት ሁኔታ ናቸው። በመጨረሻም ውድ የመለኪያ መሣሪያ የሌለው ስቱዲዮ ወይም መዝገብ ቤት ሊያከናውነው የሚችል ቀላል ፍተሻ ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ ኢንክጄት፣ ፒግመንት፣ ካርቦን፣ የኅትመት ዕድሜ

1. መግቢያ

ከዐፄ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በኢትዮጵያ የተነሡት ፎቶግራፎች በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ናቸው። አርመናዊው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያንና በሙያው የተተኩት ልጆቻቸው ያነሧቸው ምስሎች፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተሰበሰቡት ፎቶግራፎች፣ እንዲሁም በየቤተሰቡ አልበም የተለጠፉት የሠርግ፣ የምረቃና የጉርድ ፎቶዎች በአብዛኛው አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ ምስላቸው በጄላቲን ውስጥ የታቀፈ ደቃቅ የብር ብናኝ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ በጥንቃቄ የታጠበና በደረቅ ቦታ የተቀመጠ የብር ኅትመት ዐሥርት ዓመታትን አልፎ ለልጅ ልጅ ሊደርስ ይችላል።

ዛሬ እነዚህ ፎቶግራፎች ሲባዙ መንገዳቸው ሌላ ነው። አሮጌው ኅትመት ወይም ነጌቲቭ በስካነር ይነበባል፤ በኮምፒውተር ይጸዳል፤ ከዚያም በኢንክጄት ማተሚያ ይታተማል። አዲሱ ኅትመት ከማተሚያው ሲወጣ ያማረ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ግራጫው በቤት ውስጥ መብራት ቀላ፣ በመስኮት ብርሃን ደግሞ አረንጓዴ መሰል ሆኖ ሊታይ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሊደበዝዝ ይችላል። ነጌቲቩ የጠፋ ወይም በሻጋታ የተበላ ከሆነ፣ ዋናው ኅትመትም ከተጎዳ፣ ለትውልድ የሚቀረው ይህ አዲስ ኅትመት ነው። ስለዚህ የቀለምና የማተሚያ ምርጫ የጥራት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ምስሉ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ጭምር ይሆናል።

ከመነሻው አንድ የቃል አጠቃቀም ነጥብ ማብራራት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ማተሚያው የሚረጨውን ፈሳሽም ዓይን የሚያየውን ቀይነት ወይም ሰማያዊነትም ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ «ቀለም» ለፈሳሹ፣ «ኅብር» ደግሞ ለሚታየው ብቻ አገልግሎት ላይ ውለዋል።

2. ግራጫ እንዴት ይሠራል?

መደበኛው የኢንክጄት ማተሚያ አራት ቀለሞች አሉት፤ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ግራጫ የሚባል ቀለም በውስጡ የለም። ስለዚህ በፎቶግራፍ ውስጥ ያሉትን የፊት ጥላ፣ የነጠላ እጥፋትና የደመና እርከን ሁሉ ከእነዚህ አራት ቀለሞች ነጠብጣቦች መፍጠር ይኖርበታል። ይህም የሚሆነው በሦስት መንገዶች ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ጥቁር ቀለምን ብቻ መጠቀም ነው። ጥቁረት በሚፈለግበት ቦታ ነጠብጣቦቹ ይጠጋጋሉ፤ ብርሃን በሚፈለግበት ቦታ ይራራቃሉ። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ግራጫው ከአንድ ቀለም ብቻ ስለሚሠራ በየብርሃኑ ኅብሩን የማይለዋውጥ መሆኑ ነው። ጉዳቱ የሚታየው በብርሃናማው የምስሉ ክፍል ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ተራርቀው የወደቁ ጥቁር ነጠብጣቦች ለዓይን ስለሚጎሉ፣ ለስላሳ መሆን የሚገባው የሕፃን ጉንጭ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ሁለተኛው መንገድ ሲያንን፣ ማጀንታንና ቢጫን በተመጣጠነ መጠን ቀላቅሎ ግራጫ መፍጠር ነው። እነዚህ ቀለሞች ከጥቁር ይልቅ ስስ ስለሆኑ ነጠብጣቦቻቸው ብዙም አይታዩም። ነገር ግን ሚዛኑን መጠበቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የሰው ዓይን በደማቅ ቀይ ላይ የሚያልፈውን ትንሽ ስሕተት በግራጫ ላይ አያልፈውም፤ የአንዱ ቀለም መጠን ጥቂት ከፍ ቢል ግራጫው ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። ከዚህም በላይ ሜታሜሪዝም ከሚባለው ክስተት ጋር የተያያዘ ችግር አለ። ከተለያዩ ቀለሞች የተቀላቀለ ግራጫ በአንድ ብርሃን ሥር ንጹሕ ሆኖ ሲታይ በሌላ ብርሃን ሥር ኅብር ሊያወጣ ይችላል። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ የቀረበው ኤፕሰን ስታይለስ ፎቶ 2000ፒ ነው። ማተሚያው ፒግመንት ስለሚጠቀም በኅትመቱ ዕድሜ ተመስግኖ ነበር፤ ሆኖም ጥቁርና ነጭ ሥራዎቹ በቀን ብርሃን ወደ አረንጓዴ ማዘንበላቸው ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስቸግሯል።

ሦስተኛው መንገድ ግራጫን ራሱን እንደ ቀለም ማቅረብ ነው። ጥቁር ቀለም በተለያየ ደረጃ ቀጥኖ ጥቁር ግራጫና ቀላል ግራጫ ሆኖ በየራሱ ካርትሪጅ ይቀመጣል። ማተሚያው ብርሃናማውን ክፍል በቀላሉ ግራጫ፣ መካከለኛውን በጥቁሩ ግራጫ፣ ጨለማውን በጥቁሩ ይሸፍናል። የኅብር ቀለሞች ሚና ግራጫውን በጥቂቱ ለማሞቅ ወይም ለማቀዝቀዝ ብቻ ይሆናል። በዚህም ነጠብጣቡም የኅብር መዋዠቁም በአንድ ጊዜ ይቀንሳል።

ይህን ሐሳብ ከትልልቅ አምራቾች ቀድመው ወደ ሥራ ካስገቡት አንዱ አሜሪካዊው አታሚ ጆን ኮን ነው፤ ፒየዞግራፊ በሚል ስም የሚታወቀው የእርሱ ዘዴ የማተሚያውን ካርትሪጆች በሙሉ በተለያየ ቅጥነት በተዘጋጁ ጥቁር ቀለሞች ይተካል። ከዚያም ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2005 አልትራክሮም ኬ3 የተባለውን የቀለም ስብስብ አቀረበ። የስሙ «3» የሚያመለክተው በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ሦስት የጥቁር ደረጃዎች ነው። ከዚሁ ጋር ለጥቁርና ነጭ ብቻ የተዘጋጀ የማተሚያ ሶፍትዌር ክፍል ስለ ቀረበ፣ ያልተሻሻለ ማተሚያ ገዝቶ መልካም ግራጫ ማተም የሚቻልበት ዘመን ተከፈተ። ካነንም በተመሳሳይ አቅጣጫ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ፒክስማ ፕሮ-1 ማተሚያ ከ12ቱ ካርትሪጆች አምስቱን ለጥቁርና ለግራጫ መድቧል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ መመዘኛ ግልጽ ነው። ጥቁርና ነጭ ለማተም ማተሚያ የሚመርጥ ሰው በማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ጠቅላላ የቀለም ብዛት ትቶ በውስጡ ስንት የጥቁርና የግራጫ ደረጃ እንዳለ መጠየቅ ይኖርበታል። ስድስት ቀለም ያለው፣ ነገር ግን አንድም ግራጫ የሌለው ማተሚያ፣ በግራጫ ረገድ ከባለ አራቱ ብዙም አይርቅም።

3. ሟሚ ቀለምና ፒግመንት

የኢንክጄት ቀለሞች በሁለት ይከፈላሉ። ዳይ የሚባለው ሟሚ ቀለም ስኳር በውኃ እንደሚሟሟ ሁሉ በፈሳሹ ውስጥ ፈጽሞ ይሟሟል። ፒግመንት የሚባለው ግን አይሟሟም፤ እጅግ የደቀቀ ጠጣር ብናኝ ሆኖ በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ በወረቀቱ ላይ ሲያርፍም እንደ ብናኝ ይቀራል። የዕድሜ ልዩነታቸው ምንጭ ይኸው ነው። በሟሚ ቀለም ውስጥ እያንዳንዱ ሞለኪውል ለብርሃንና ለአየር የተጋለጠ ነው። በፒግመንት ብናኝ ውስጥ ግን በውጭ ያሉት ሞለኪውሎች ቢጎዱ እንኳ በውስጥ ያሉት ይጠበቃሉ።

የሟሚ ቀለም ጠላት ብርሃን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ በገበያ ላይ የነበሩ አንዳንድ የሟሚ ቀለም ኅትመቶች ገና በወራት ውስጥ ወደ ብርቱካናማ መለወጣቸው ብዙ ተጠቃሚዎችን አስገርሞ ነበር። ለዚህ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች ዋናው በአየር ውስጥ የሚገኘው ኦዞን እንደሆነ ታውቋል። ቶሎ የሚደርቀው የፎቶ ወረቀት ገጽ በደቃቅ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ አየር በቀላሉ ወደ ቀለሙ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ሟሚ ቀለሞች ብዙ ተሻሽለዋል፤ በአልበም ወይም በመስተዋት ሥር የተቀመጠ ኅትመትም ከአየር በመጠኑ ይጠበቃል። መሠረታዊው ልዩነት ግን አልጠፋም።

በጥቁርና ነጭ ሥራ ፒግመንት ከሁሉ የሚልቅበት ምክንያት ጥቁሩ ብናኝ ካርቦን መሆኑ ነው። ካርቦን ብርሃን በቀላሉ የማይበትነው፣ ኦዞን በተለመደው የክፍል አየር የማይጎዳው ንጥረ ነገር ነው። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን ሲያዘጋጁ የኖሩት ከጥላሸትና በእሳት ከጠቆሩ ሌሎች ነገሮች፣ ከሙጫ ጋር አዋሕደው ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ባለፉበት ብራና ላይ ጽሑፉ እስከ ዛሬ ጠቁሮ የሚነበበው በዚሁ በካርቦን ጽናት ነው። የዘመናዊው ማተሚያ ጥቁር ፒግመንት የዚያ የጥላሸት ቀለም የቅርብ ዘመድ ነው።

ይሁን እንጂ ካርቦን የራሱ ጠባይ አለው። በወፍራሙ ሲታይ ጥቁር ይሁን እንጂ ሲቀጥን ወደ ቡና ዓይነት ሙቀት ያዘነብላል። ስለዚህ ከካርቦን ብቻ የተሠራ ኅትመት ሞቅ ያለ ግራጫ ይኖረዋል። ይህን ለማቀዝቀዝ አምራቾች ወይም የማተሚያው ሶፍትዌር ሰማያዊና ሌሎች የኅብር ፒግመንቶችን በጥቂቱ ይጨምራሉ። እነዚህ ፒግመንቶች እንደ ካርቦን ጽኑ ስላልሆኑ ከረጅም ጊዜ በኋላ ቀድመው ይደክማሉ፤ ግራጫውም ቀስ በቀስ ወደ ሞቃቱ መልክ ይመለሳል። ከዚህ የሚወጣው መርሕ፣ ለረጅም ዕድሜ የሚታተም ምስል ሞቅ ያለ ግራጫ ቢመረጥለት የኅብር ቀለም ድርሻው ስለሚያንስ መልኩን በተሻለ ይጠብቃል የሚል ነው።

በማስታወቂያዎች ላይ የሚነበበው «ይህን ያህል ዓመት ይቆያል» የሚለው ቁጥርም በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሚገኙት ኅትመቱን ለጠንካራ ብርሃን በማጋለጥ ከሚደረግ የተፋጠነ ፍተሻ ነው። ለምሳሌ ዊልሄልም ኢሜጂንግ ሪሰርች የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የፍተሻ ውጤቱን ወደ ዓመታት የሚመነዝረው ኅትመቱ በየቀኑ ለ12 ሰዓት 450 ለክስ ብርሃን እንደሚያርፍበት በመገመት ነው። ፀሐይ በቀጥታ በምትገባበት መስኮት አጠገብ የሚወርደው ብርሃን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በተጨማሪም ቁጥሩ የሚሠራው ለተፈተነው ቀለምና ወረቀት ጥምረት ብቻ ነው። በርካሽ የተገዛ፣ አምራቹ የማይታወቅ ቀለም በዋናው ታንክ ውስጥ ከተሞላ የማተሚያው ስም ያው ቢሆንም ያ የዕድሜ ግምት ዋጋ አይኖረውም። የግራጫው ሚዛንም አብሮ ይፈርሳል፤ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ቀለም ነውና።

4. ወረቀትና የጥቁረት ጥልቀት

የኅትመት ጥቁረት የሚለካው ገጹ ከሚመልሰው ብርሃን አንጻር በሎጋሪዝም ነው። ልኬቱ 1.0 ሲሆን ከወረደው ብርሃን 10 በመቶ ይመለሳል፤ 2.0 ሲሆን 1 በመቶ ብቻ ይመለሳል። በማት ወረቀት ላይ ጥሩ ጥቁር ፒግመንት የሚሰጠው ከፍተኛ ልኬት ብዙውን ጊዜ ከ1.6 እስከ 1.7 አካባቢ ነው። ይህም 2 በመቶ ያህል ብርሃን ይመለሳል ማለት ነው። በአንጸባራቂ ወይም ባራይታ በሚባለው ወረቀት ላይ ግን ልኬቱ ከ2.2 ሊያልፍ ይችላል፤ የሚመለሰው ብርሃንም ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። አሮጌውን የብር ኅትመት የሚያስታውሰው ጥልቅ ጥቁር የሚገኘው በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ ነው።

ልዩነቱ የቀለሙንም ዓይነት ይነካል። የፒግመንት ማተሚያዎች በአብዛኛው ሁለት ጥቁሮች አሏቸው፤ አንዱ ለማት፣ ሌላው ለአንጸባራቂ ወረቀት። የማቱ ጥቁር በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ ቢታተም በገጹ ላይ በደንብ አይይዝም፤ ሲነካም ሊፋቅ ይችላል። የአንጸባራቂው ጥቁር በማት ወረቀት ላይ ቢታተም ደግሞ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሳሳል። ብዙ የቀድሞ ሞዴሎች ለሁለቱ ጥቁሮች አንድ መስመር ብቻ ስለነበራቸው ወረቀት በተለወጠ ቁጥር መስመሩን ማጠብ ይጠይቁ ነበር፤ በየጊዜውም ቀለም ይባክን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የቀረቡት ኤፕሰን ሹርከለር ፒ 700 እና ፒ 900 ለእያንዳንዱ ጥቁር የራሱን መስመር ሰጥተዋል። የካነን ኢሜጅፕሮግራፍ ፕሮ-1000 እና ፕሮ-300 ማተሚያዎችም እንዲሁ ናቸው። በሁለቱም ዓይነት ወረቀት ለሚሠራ ሰው ይህ ከብዙ የማስታወቂያ ቃላት የሚበልጥ ቁም ነገር ነው።

አንጸባራቂ ወረቀት ለፒግመንት ያለ ችግር የሚስማማ ግን አይደለም። ብናኙ በገጹ ላይ ስለሚቀመጥ ኅትመቱ ዘንበል ተደርጎ ሲታይ ጨለማው ክፍል የነሐስ መሰል ብልጭታ ሊያሳይ፣ ቀለም ያልረገጠው ነጭ ክፍልም ከቀሪው ይልቅ ሊያብረቀርቅ ይችላል። ካነን በአንዳንድ ማተሚያዎቹ ላይ ኅብር የሌለው ማስተካከያ ፈሳሽ የጨመረው ይህን ልዩነት ለማለስለስ ነው። ሟሚ ቀለም ወደ ወረቀቱ ስለሚሰርግ ይህ ችግር የለበትም፤ በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ የሚያምረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ቦታ የኅትመቱ አቀራረብም ሊታሰብበት ይገባል። ምስሉ በመስተዋት ሥር የሚሰቀል ከሆነ የመስተዋቱ ነጸብራቅ በማትና በአንጸባራቂ መካከል ያለውን የጥቁረት ልዩነት በከፊል ይሸፍነዋል። በእጅ የሚያዝ አልበም ወይም ያለ መስተዋት የሚታይ ኅትመት ከሆነ ግን ልዩነቱ ፊት ለፊት ይታያል። እንዲሁም እጅግ ነጭ የሚመስሉ ብዙ ወረቀቶች ነጭነታቸውን የሚያገኙት የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ከሚመልስ ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ በጊዜ ብዛት ሲደክም ወረቀቱ ወደ ቢጫነት ይሄዳል፤ ቀለሙ ባይለወጥ እንኳ ግራጫው የተለወጠ ይመስላል። ለመዝገብ ቤት የሚታተም ሥራ ይህ ኬሚካል የሌለበትን፣ ከአሲድ ነጻ የሆነ የጥጥ ወረቀት ቢጠቀም ይመረጣል።

5. የማተሚያ ምርጫ

ዓላማው፣ ቀለሙና ወረቀቱ ከታወቁ በኋላ የማተሚያው ምርጫ ይጠብባል። አማራጮቹን በሦስት መደቦች ማየት ይቻላል።

ሀ. ባለ ታንክ የሟሚ ቀለም ማተሚያዎች። ኤፕሰን ኤል 1800 የዚህ መደብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስድስት ቀለሞች አሉት፤ ጥቁር፣ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ቀላል ሲያንና ቀላል ማጀንታ። ቀለሙ በጠርሙስ ስለሚሞላ ወጪው ዝቅተኛ ነው፤ ለኅብር ፎቶግራፍና ለዕለት ደንበኛም ተስማሚ ነው። ይሁን እንጂ ግራጫ ቀለም ስለሌለው ጥቁርና ነጭ ምስልን በድብልቅ ወይም በተራራቀ ጥቁር ነጠብጣብ መሥራት ግድ ይሆንበታል። ከዚህ የተሻለው ኤል 8180 ነው፤ ለፎቶ የሚያገለግል ጥቁርና አንድ ግራጫ አክሏል። ግራጫው የኅብር መዋዠቁን ይቀንሳል፤ ሆኖም የፎቶው ቀለሞች ሟሚ በመሆናቸው የዕድሜው ጥያቄ እንዳለ ይቀራል።

ለ. ከግራጫ ጋር የተዘጋጁ የፒግመንት ማተሚያዎች። ኤፕሰን ፒ 900 ከዐሥር ቀለሞቹ አራቱን፣ ማለትም የፎቶ ጥቁር፣ የማት ጥቁር፣ ግራጫና ቀላል ግራጫን ለዚህ ሥራ መድቧል። ካነን ፕሮ-1000ም እንዲሁ ሁለት ጥቁርና ሁለት ግራጫ አለው። ሁለቱም እስከ ኤ2 ስፋት ያትማሉ። ለዐውደ ርእይና ለመዝገብ ቤት ሥራ መነሻ የሚሆነው ይህ መደብ ነው። የወጪ ስሌት ሲሠራ የካርትሪጁን ዋጋ ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል፤ የፒ 900 ካርትሪጅ 50 ሚሊ ሊትር፣ የፕሮ-1000 ደግሞ 80 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ዋጋው ለሚሊ ሊትሩ መካፈል አለበት።

ሐ. በጥቁር ቀለም ብቻ የሚሠሩ ማተሚያዎች። ባለ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ መስመር ያለው ማተሚያ ካርትሪጆቹ በሙሉ በተለያየ ቅጥነት በተዘጋጀ የካርቦን ቀለም ሊሞሉ ይችላሉ። የእያንዳንዱን መስመር መጠን የሚቆጣጠረው ኳድቶን ሪፕ የተባለውን የመሰለ ልዩ ሶፍትዌር ነው። ውጤቱ ከሁሉ ለስላሳና ጽኑ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማተሚያው ከዚያ በኋላ ኅብር ማተም አይችልም፤ ቀለሙ ከውጭ መምጣት ይኖርበታል፤ ብናኙም በካርትሪጁ ሥር እንዳይዘቅጥ ማናወጥን ይጠይቃል። ሁለተኛ ማተሚያ ለሌለው ስቱዲዮ ይህ መንገድ አይመከርም።

ከመደቡ ሌላ የማተሚያው ራስ፣ በሙያተኞች አጠራር ሄዱ፣ አሠራሩ ሊታወቅ ይገባል። ኤፕሰን በኤሌክትሪክ ኃይል በሚርገበገብ ክሪስታል ቀለሙን ይገፋል፤ ካነን ደግሞ ቀለሙን በቅጽበት በማሞቅ አረፋ ፈጥሮ ያስፈነጥረዋል። የመጀመሪያው ሄድ ረጅም ዕድሜ ቢኖረውም ሲበላሽ መለወጡ የባለሙያ ሥራ ነው። የሁለተኛው ሄድ በጊዜ ብዛት የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ሆኖም በተጠቀሱት የካነን ሞዴሎች ተጠቃሚው ራሱ ሊለውጠው ይችላል።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ከሁሉ የሚከብደው የመድረቅ ችግር ነው። ማተሚያው ሥራ ሲጨርስ ሄዱን ወደ ማረፊያው መልሶ በክዳን ይዘጋዋል። በኅትመት መካከል መብራት ከጠፋ ወይም ማተሚያው በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይሆን ከሶኬቱ ላይ ከተነቀለ ሄዱ ሳይከደን ክፍት ይቀራል። በደጋው ደረቅ ወቅት የፒግመንት ቀለም በኖዝሎቹ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ለማጽዳት የሚደረገው እጥበት ደግሞ ውድ ቀለም ያባክናል። ስለዚህ የፒግመንት ማተሚያ የሚገዛ ሰው መብራት ሲጠፋ ሥራውን ጨርሶ ሄዱን ለመክደን የሚበቃ የባትሪ መጠባበቂያ አብሮ ሊያስብ፣ ሥራ በሌለበት ሳምንትም ቢሆን አንድ ትንሽ ኅትመት ማተምን ልማድ ሊያደርግ ይገባል። በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚያትም ተቋም የራሱን ማተሚያ ገዝቶ ሲያደርቅ ከሚኖር፣ ፋይሉን አዘጋጅቶ ሁልጊዜ ለሚያትም ስቱዲዮ ቢሰጥ ያተርፋል።

6. ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ከላይ የተዘረዘሩት መመዘኛዎች በቀላል ፍተሻ ሊረጋገጡ ይችላሉ። ፈታኙ ከ0 እስከ 100 በመቶ በ5 በመቶ ልዩነት የተደረደሩ 21 የግራጫ እርከኖችና አንድ የሰው ፊት ያለበት ጥቁርና ነጭ ምስል በአንድ ገጽ ያዘጋጃል። ይህንኑ ገጽ በሚታሰበው ማተሚያ፣ ቀለምና ወረቀት ካሳተመ በኋላ ለአንድ ቀን እንዲደርቅ ይተወዋል። ከዚያም የሚከተሉትን ይመለከታል።

በመጀመሪያ ገጹን በመስኮት ብርሃን፣ በቢጫ አምፖልና በኤልኢዲ መብራት ሥር በየተራ ያያል፤ እርከኖቹ ኅብር ከለዋወጡ ግራጫው በድብልቅ የተሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። ሁለተኛ በጨለማው ጫፍ የ90፣ የ95 እና የ100 በመቶ እርከኖች ተለይተው መታየታቸውን ያረጋግጣል፤ ካልተለዩ የጥቁር ልብስ እጥፋት በኅትመቱ ላይ ይጠፋል። ሦስተኛ ከ5 እስከ 15 በመቶ ያሉትን እርከኖች በማጉያ መነጽር ያያል፤ የጥቁር ነጠብጣብ ጎልቶ ከታየ ቀላል ግራጫ ቀለም የለም ማለት ነው። አራተኛ ገጹን ዘንበል አድርጎ የነሐስ ብልጭታ መኖሩን ይመረምራል።

የዕድሜ ፍተሻው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአንዱ ኅትመት ሦስት ቅጂ ይዘጋጃል። የመጀመሪያው ግማሽ ገጹ በአሉሚኒየም ፎይል ተሸፍኖ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ይለጠፋል፤ ሁለተኛው ብርሃን በማያገኘው ነገር ግን አየር በሚዘዋወርበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ሦስተኛው በፖስታ ታሽጎ በመሳቢያ ይቆያል። ከሦስት ወር በኋላ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የመጀመሪያው ብርሃን ያደረሰውን፣ ሁለተኛው አየር ያደረሰውን ጉዳት ይናገራሉ። ይህ ፍተሻ የኅትመቱን ዕድሜ በዓመት አይነግርም፤ ከሁለት ቀለሞች የትኛው ቀድሞ እንደሚደክም ግን በአካባቢው ብርሃንና አየር ያሳያል።

7. መደምደሚያ

ከትንተናው የሚከተለው ድምዳሜ ላይ መድረስ ይቻላል። ለዕለት ደንበኛ፣ ለማስታወሻና ነጌቲቩ ወይም ፋይሉ በእጅ ላለ ሥራ የሟሚ ቀለም ማተሚያ በቂ ነው፤ ግራጫ ቀለም ያለበት ሞዴል ቢመረጥ ደግሞ ይሻላል። ለዐውደ ርእይ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ግራጫዎች ያሉት የፒግመንት ማተሚያ ያስፈልጋል። ዋናው ለጠፋበት ወይም ሊጠፋ ለተቃረበ ምስል ደግሞ ፒግመንት፣ የነጭነት ኬሚካል የሌለው የጥጥ ወረቀትና ሞቅ ያለ ግራጫ አንድ ላይ ሊታሰቡ ይገባል። በእያንዳንዱ ኅትመት ጀርባ የቀለሙና የወረቀቱ ዓይነት፣ የታተመበትም ቀን በእርሳስ ቢጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ ምስሉን የሚረከበው ሰው በምን እንደተሠራ ያውቃል።

ማተሚያ ያረጃል፤ ሞዴሉም ይለወጣል። ከእርሱ የወጣው ኅትመት ግን ማተሚያው ከተጣለ በኋላ በግድግዳ ላይ ወይም በአልበም ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ገንዘብ የሚያወጣው ተቋምም ሆነ ስቱዲዮ ስለ ማተሚያው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት በወረቀቱ ላይ ስለሚቀረው ቀለም ሊጠይቅ ይገባል።